አደይ አበባን በግቢያችን ስናበቅል የምንሠራቸው ስህተቶች

ጳጉሜን በገባ ቁጥር በእንጦጦ ግርጌ ወዳለችው አነስተኛ የችግኝ ማፍያዬ የሚመጡ ሰዎች «አደይ አበባ በቫዞ አለህ?» እያሉ ይጠይቁኛል። የለኝም። ለምን እንደሌለኝ ለእያንዳንዱ ሰው ቆሜ ማስረዳት ከጀመርሁ ብዙ ዓመታት ስለሆኑኝ፣ ነገሩን በጽሑፍ ማስቀመጥ የተሻለ መስሎ ታይቶኛል። በአዲስ አበባ ዳርቻ ቤት በተሠራ ቁጥር ሜዳው እየጠበበ ነው፤ ልጆች ሆነን እንደ ልብ እንቆርጥባቸው የነበሩት ቦታዎች ዛሬ አጥር ተበጅቶላቸዋል። ስለዚህ አበባዪቱን በየግቢው ለማቆየት የሚሻ ሰው ቢያንስ እኔ የተሳሳትሁትን ባይደግመው ደስ ይለኛል።

ሥራውን በጀመርሁበት ዓመት፣ በነሐሴ መጨረሻ፣ ያበቡ ሃያ ያህል አደዮችን ከተራራው ተዳፋት ከነአፈራቸው ቆፍሬ አምጥቼ በቫዞ ተከልኋቸው። በሦስተኛው ቀን ሁሉም አንገታቸውን ደፉ፤ ለዕንቁጣጣሽ የደረሰች አንዲትም አልነበረችም። አደይ አበባ በሰኔ ዝናብ በቅላ፣ ከነሐሴ መጨረሻ እስከ ጥቅምት አብባ፣ ዘሯን አፍስሳ የምትደርቅ የአንድ ዓመት ተክል ናት። ባበበችበት ሰዓት እድገቷን ጨርሳ ያላትን ኃይል ሁሉ ወደ ዘር እያዞረች ስለሆነ፣ የተቆረጠ ሥሯን የምትተካበት ጊዜ የላትም። እነዚያ ሃያ አበቦች ዘራቸውን ሳያፈሱ በእጄ መሞታቸው እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። አበባ ያወጣችን አደይ ነቅሎ መትከል ማለት የሚቀጥለውን ዓመት አበባም ከዚያ ቦታ መንቀል ማለት ነው።

ስዊድን የምትኖረው እህቴ ይህን ስነግራት እዚያም ተመሳሳይ ነገር እንዳለ አጫወተችኝ። በዚያ አገር ክረምቱ ወጥቶ በረዶው ሲቀልጥ፣ በፋሲካ ሰሞን፣ በደረቅ ተዳፋት ላይ የምትፈካ ባክሲፓ የምትባል ሐምራዊ የዱር አበባ አለች። ግንዷም ቅጠሏም እንደ ሐር በሚያበራ ለስላሳ ጸጉር የተሸፈነ ነው፤ ሥሯ ወደ ታች ጠልቆ ስለሚሄድ ተቆፍራ ስትወሰድ አብዛኛውን ጊዜ ትሞታለች። እህቴ ዘሯን ላከችልኝ፤ እኔም ዘራሁት። ጥቂቶቹ ቢበቅሉም በመጀመሪያው ክረምት ሐምሌ ሳያልቅ ሥራቸው በስብሶ ጠፉ። ያቺ አበባ የለመደችው በረዶ ተኝቶበት የሚከርም፣ ውኃ የማይቋጥር መሬት ነው፤ የእኛ ክረምት ግን ወራት ሙሉ የሚዘንብ ዝናብ ነው። የሩቅ አገር አበባ ለማምጣት የሚደክሙ ወዳጆቼን አልነቅፍም፤ ሆኖም ለዚህ ዝናብና ለዚህ ከፍታ የተፈጠረችው አበባ ከአጥራቸው ውጭ እንዳለች ባስታውሳቸው ደስ ይለኛል።

መጭ የሚባለውን የዱር አበባ አደይ ብለው ዘሩን የሚለቅሙ ሰዎችም በየዓመቱ ያጋጥሙኛል። ሁለቱም ቢጫ ናቸው፤ በአንድ ሰሞንም ያብባሉ። የመጭ ቅጠል ግን ያልተከፋፈለ፣ ሲዳስሱት የሚሻክር፣ ግንዱን ያቀፈ ነው፤ የአደይ ቅጠል ደግሞ ጥልቅ እየሆነ ብዙ ቦታ የተሰነጣጠቀ ነው። ዘራቸውን ያየ ሰው ከቶ አይሳሳትም፤ የመጭ ዘር የቅርብ ዘመዱን ኑግን ሲመስል፣ የአደይ ዘር ጠፍጣፋና ጠርዙ ክንፍ ያለው ነው።

ቦታ ሲመርጡ ፀሐይ ሙሉ ቀን የሚያገኘውን ይምረጡ። በባሕር ዛፍ ሥር አይሞክሩት። አፈሩ ዋልካ ከሆነ፣ በሱሉልታና በሰንዳፋ በኩል ያላችሁ በተለይ፣ መደቡን ከፍ አድርጋችሁ ውኃው የሚወርድበት ቦይ አውጡለት። ማዳበሪያ ግን አታብዙ፤ ዩሪያ የጠገበች አደይ ቅጠሏ ይበዛል፣ ግንዷ ይረዝማል፣ ከዚያም የነሐሴ ዶፍ ያጋድማታል።

በሐምሌ የሚሠራው ስህተት የእውቀት ማነስ ስለሆነ በቀላሉ ይታረማል። የግቢው አትክልተኛ ሣር ሲያጭድና ሲያርም ገና ስንዝር ያልሞላችውን አደይ ከአረም ጋር ነቅሎ ይጥላታል፤ የግቢው ባለቤትም መስከረም ሲጠባ «ዘንድሮ አልበቀለችም» ይላል። በቅላ ነበር። መጀመሪያ የሚወጡት ሁለት ቅጠሎች ጠባብና ረዘም ያሉ ናቸው፤ ቀጥለው የሚወጡት ጥንድ ጥንድ እየሆኑ፣ ፊት ለፊት፣ እንደ ካሮት ቅጠል ተከፋፍለው ነው። ሠራተኛ ከማሰማራታችሁ በፊት አንዲቷን በጣታችሁ አሳዩት፤ ከዚያ በኋላ አይነካትም።

ትዕግሥቴን የሚፈታተነው ግን የኅዳሩ ነው። በ1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ አዲስ አበባን ከመታ ወዲህ፣ በየዓመቱ ኅዳር 12 ቀን የግቢውና የሰፈሩ ቆሻሻ ተጠርጎ ይቃጠላል። ልማዱን አከብራለሁ፤ የብዙ ቤተሰብ ሐዘን የተጻፈበት ቀን ነው። ዳሩ ግን ያን ዕለት በግቢው ከሚገኘው ደረቅ ነገር ሁሉ መጀመሪያ የሚታጨደው የአደይ አገዳ ነው፤ ጠቁሮና ደርቆ ሲታይ ቆሻሻ ይመስላልና። በዚያ አገዳ ጫፍ ላይ የመጪው መስከረም አበባ በሙሉ ተቀምጧል! አንድ አበባ ብለን የምናያት በእውነት ብዙ ጥቃቅን አበቦች በአንድ ራስ ላይ ተሰብስበው የፈኩባት ስለሆነች፣ አንዷ ራስ ብቻ ብዙ ፍሬ ታዝላለች። ይህን ስንት ዓመት ተናገርሁ፤ ስንት ግቢ ውስጥ ጢሱ ሲወጣ እያየሁ አለፍሁ! አሥር ወር ጠብቀን በጥቂት ሳምንታት ችኮላ እናጠፋታለን፤ ከዚያ ዘር ፍለጋ ወደ ተራራው እንሄዳለን።

አንዲት ጎረቤቴ የሆኑ እናት ግቢያቸው በመስከረም እንደ ወርቅ ያበራ ስለነበር መንገደኛው ቆሞ ሳያይ አያልፍም ነበር። አንድ ዓመት ኅዳር ላይ ቀን ሠራተኛ ቀጥረው አገዳውን አሳጭደው አቃጠሉት፤ መሬት የወደቀውን ዘርም መጥረጊያው ጠርጎ ወሰደው። በተከታዩ መስከረም ወደ እኔ መጥተው፣

«ልጄ፣ አፈሬ ምን ሆነብኝ?» አሉኝ።

«አፈሩ ምንም አልሆነም እማማ፤ ዘሩን ኅዳር ላይ አቃጥለውታል» አልኋቸው።

ብዙ ዝም ብለው ቆዩ። ግንቦት ላይ ሁለት እፍኝ ዘር ሰጠኋቸው፤ አሁን እሳቸው የአደይን አገዳ ታኅሣሥ እስኪጋመስ አያስነኩም፤ ኅዳር 12 የሚያጥኑትም ሌላውን ጉድፍ ብቻ ነው።

ዘር ለመሰብሰብ የምትፈልጉ፣ ራሷ ቡናማ ሆና ፍሬዎቹ በጣት ሲነኩ የሚለቁበትን ጊዜ ጠብቁ። በጨርቅ ወይም በወረቀት ከረጢት አስቀምጡት፤ በፌስታል የታሰረ ዘር ይሻግታል። በግንቦት መጨረሻ፣ የሰኔው ዝናብ ሳይበረታ፣ መሬቱን ጫር ጫር አድርጋችሁ በትኑት፤ ከላዩም ከጥፍር ውፍረት ያልበለጠ አፈር አልብሱት። በነሐሴ ዘርተው ለዐውደ ዓመት የሚጠብቁ ሰዎች አሉ፤ አይደርስላቸውም።

ስለ መቁረጥ ደግሞ፦ አደይን ለቄጠማው ድምቀት፣ ለደመራው ጫፍ የማይቆርጥ ቤት የለም፤ ልቆጣ አልችልም። ከሥሯ አትንቀሉ፤ በመቀስ ከቅርንጫፉ ላይ ቁረጡ፤ ንቦቹ ከሌሊቱ ቅዝቃዜ የተነሣ ሥራቸውን ገና ሳይጀምሩ፣ በማለዳ ብትቆርጡ ለእነሱም ለእናንተም ይመቻል፤ የጥቅምትና የኅዳር ማር ከዚህችው አበባ የሚቀሰም ነውና። በእኔ ግቢ የጳጉሜን የመጨረሻ ቀን የሰፈሩ ልጆች ይገባሉ፤ ከዚያ በፊት ግን ዞሬ ከየመደቡ ጠንካራ ግንድና ብዙ ቅርንጫፍ ያላቸውን አሥር አሥር አደዮች መርጬ ቀይ ክር አስርባቸዋለሁ። ልጆቹ እነዚያን አይነኩም፤ ትንሽየዋ እንኳ ከታላቆቿ ቀድማ «ይቺ የዘር ናት» እያለች ትከለክላለች።