የተንጠለጠለ አውሮፕላን አንድ ወገኑ ሲያዘነብል፦ ችግርና መፍትሄ

ባትሪው የወጣ፣ ነዳጁና ሃይድሮሊኩ የተንጠፈጠፈ፣ የተመዘነ፣ ለእይታ የሚሰቀልበት የጣሪያ ብረትም በመሐንዲስ የተሰላ አውሮፕላን ይዘን እንነሳ። ሳብ ሳፊር የተባለው ትንሽ የሥልጠና አውሮፕላን ባዶውን 700 ኪሎ ገደማ ነው፣ ኤፍ-86 ሴበር ተዋጊ ጄት 5 ቶን ገደማ። በቢሾፍቱ መስመር ባለ የቆርቆሮ አዳራሽ ጣሪያ ላይ ሁለቱ አንድ አይደሉም። የተስፈንጣሪ ወንበሩ ፈንጂ ያልወጣለት ጄት ደግሞ ጭራሽ አይሰቀልም።

ምልክት፦ በተሰቀለ በጥቂት ሳምንት አፍንጫው ወይም አንዱ ክንፍ ዝቅ ይላል።

ሁሉም ገመድ እኩል ከረዘመ አያስጨንቅም። አዲስ የብረት ገመድ በ10 ሜትር እስከ 5 ሴንቲ ሜትር ሊለቅ ይችላል፣ በተርንባክል (ገመዱን በሚወጥረው ባለጥርስ ማስተካከያ) ይስተካከላል። አንድ ወገን ብቻ ከወረደ ግን ተርንባክሉን አትንኩ! ክንፉን ቀና ያደርግና ጥፋቱን ይሸፍነዋል።

ወደ ላይ ወጥታችሁ ክላምፖቹን፣ ማለትም የታጠፈውን የገመድ ጫፍ ከገመዱ ጋር የሚያስሩትን ብረቶች፣ እዩ። ከመጨረሻው ክላምፕ ያለፈውን አጭር ጫፍ በቀለም ምልክት አድርጉበት፤ በሳምንቱ ካጠረ ገመዱ እየሾለከ ነው። የተለመደው ምክንያት፦ ክላምፑ ተገልብጧል። ጥርስ ያለው ወፍራም ክፍል ክብደት በሚሸከመው ገመድ በኩል፣ ዩ ቦልቱ (እንደ U ፊደል የታጠፈው ብሎን) በታጠፈው አጭር ጫፍ በኩል መሆን አለበት። ሲገለበጥ ዩ ቦልቱ የሚሸከመውን ገመድ ይጨፈልቀዋል። አንዱን ወዲህ አንዱን ወዲያ አፈራርቆ አስሮ «ሚዛን እንዲጠብቅ ነው» የሚልም አለ። ሚዛን አይጠብቅም።

መፍትሄ፦ መጀመሪያ ክብደቱን በቼን ብሎክ (በሰንሰለት ማንሻ) ተሸከሙ፣ ከሥር ሰው አይኑር። የተጨፈለቀው ገመድ ይጣላል፣ ገልብጦ መልሶ ማሰር የለም። ለ12 ሚሊ ሜትር ገመድ ቢያንስ ሦስት ክላምፕ፣ የታጠፈው ጫፍ 30 ሴንቲ ሜትር፣ በክላምፖቹ መካከል 7 ሴንቲ ሜትር ተኩል ያህል። ዳዶዎቹን በቶርክ ሬንች (የማጥበቂያውን ኃይል በሚለካ መፍቻ) ወደ 88 ኒውተን ሜትር አጥብቁ። ክብደቱ ካረፈ በኋላ ደግማችሁ አጥብቁ፤ ገመድ ሲወጠር ይቀጥናል፣ ዳዶውም ይላላል። ብዙ ሰው የሚዘለው ይህንን ነው። ሲያዩት የሚያብለጨልጭ፣ ሲጠብቅ የሚሰነጠቅ ርካሽ፣ ብረት ቀልጦ በቅርጽ ፈስሶ የተሠራ ክላምፕ ለልብስ ማስጫ ይሁን፤ ለአውሮፕላን በመዶሻ የተቀጠቀጠውን ግዙ።

ያም ሆኖ ካዘነበለ ገመዶቹን ቁጠሩ። ባለሦስት እግር በርጩማ ጎርበጥባጣ መሬት ላይ አይነቃነቅም፣ ባለአራት እግሩ ይንገዳገዳል። በአራት ገመድ ሲሰቀልም ሁለቱ ሁሉንም ተሸክመው ሁለቱ ረግበው ሊቀሩ ይችላሉ። ሲቻል በሦስት ስቀሉ። ማዕዘኑንም አትርሱ፦ ከአግድም በ60 ዲግሪ የተዘረጉ ሁለት ገመዶች እያንዳንዳቸው 58 በመቶ ይሸከማሉ፣ በ30 ዲግሪ ግን እያንዳንዳቸው ሙሉውን ክብደት።

በር ሲከፈት የሚዞር ከሆነ፣ ጅራቱን በቀጭን ገመድ ወደ ጎን ምሰሶ ያዙት።

ገመዱ አካሉን በሚነካበት ቦታ ነጭ ዱቄት ከታየ፣ በክረምቱ እርጥበት ብረት ከአሉሚኒየም ጋር ተገናኝቶ አሉሚኒየሙ እየተበላ ነው። በመካከላቸው ናይለን ይግባ፤ ቆዳ ውሃ ይይዛል። የርግብ ኩስም ሳይሰነብት ይታጠብ።

በገመዱ ጫፍ ማሰሪያ ላይ ከአንድ በላይ ክር ከተበጠሰ ገመዱ ይቀየራል። ስትፈትሹ በጨርቅ አሽታችሁ እንጂ በባዶ እጅ አይሁን። በፕላስቲክ የተሸፈነ ገመድ ዝገቱን ስለሚደብቅ መጀመሪያውኑ አትግዙት።