ቤተ ሙከራ ባይኖር ቀሃ አለ

ትንሽ ኮሌጅ ውስጥ የአካባቢ ባዮሎጂ የምታስተምሩ፣ ችግራችሁ ይገባኛል። እኔም ጎንደር ላይ የማስተምረው ይሄንኑ ነው። ማይክሮስኮፕ ለሁሉም አይዳረስም፣ ኬሚካል ያልቃል። ግን ከተማችን በቀሃና በአንገረብ ወንዞች መሀል ነው ያለችው። ከዚህ የተሻለ ቤተ ሙከራ ከየት ይመጣል?

መጀመሪያ ያጠፋሁትን ልንገራችሁ። አርባ ተማሪ ይዤ ወንዝ ዳር ወረድኩና አንድ ሰዓት ሙሉ ሌክቸር ሰጠሁ። ከኋላ ያሉት አልሰሙኝም፣ ከፊት ያሉት ደብተራቸው ላይ አቀርቅረው ጻፉ፣ ውሃውን የነካ አንድም ሰው የለም። ከዚያ ወዲህ ያለ ጥያቄ ከግቢ አንወጣም። ጥያቄውም ተቆጥሮ የሚመለስ መሆን አለበት። «ቀሃ ተበክሏል ወይ?» በጣም ሰፊ ነው። «ልብስና መኪና ከሚታጠብበት ቦታ በላይና በታች ያሉት የውሃ ነፍሳት ይለያያሉ ወይ?» ካላችሁ ግን በአንድ ጠዋት መልስ ይዛችሁ ትመለሳላችሁ።

ጥቅምት ላይ ውጡ። ሐምሌና ነሐሴ ወንዙ ሞልቶ ይወርዳል፤ ለሰውም አደገኛ ነው፣ ነፍሳቱንም ጠርጎ ይወስዳቸዋል። ዕቃው ቀላል ነው፤ ነጭ ሳፋ፣ የወጥ ቤት ወንፊት፣ ማንኪያ፣ ባዶ ሃይላንድ፣ የላስቲክ ቦት፣ ጓንትና ሳሙና። በወንፊት ፈንታ አጎበር ቀድዳችሁ እንዳትሰፉ፣ የተነከረበት መድኃኒት ነፍሳቱን ይገድላቸዋል። በባዶ እግር ደግሞ ማንም አይግባ። የቢልሃርዚያ ተውሳክ ከውሃ ቀንድ አውጣ ወጥቶ በቆዳ በኩል ነው የሚገባው፣ በዚህ ጉዳይ ከተማሪ ጋር ድርድር የለም።

አንዱ ተማሪ ወንፊቱን ውሃው ውስጥ ይያዝ። ሌላው ከሱ ከፍ ብሎ ይቁምና ድንጋዩን በእግሩ ለሁለት ደቂቃ ያገላብጥ። ከድንጋዩ ሥር የተላቀቀውን ሁሉ ውሃው እየነዳ ወንፊቱ ውስጥ ይከተዋል። ሳፋው ላይ ትንሽ ውሃ አድርጋችሁ ገልብጡትና ጠብቁ። መጀመሪያ ጭቃና ቅጠል ብቻ ነው የሚታየው፤ ትንሽ ቆይቶ ጭቃው ራሱ መንቀሳቀስ ይጀምራል። ያኔ የተማሪዎቹን ፊት እዩት። በሁለቱም ቦታ ያው ሁለት ደቂቃ፣ ያው ወንፊት፣ ያው የሰው ብዛት ይሁን፤ አለዚያ ቁጥሩ አይነጻጸርም።

ከላይ በኩል፣ ሆዱ ላይ ግራና ቀኝ ላባ የመሰለ መተንፈሻ ያለው፣ ከኋላው ሦስት ቀጫጭን ጅራት ያወጣ እጭ ካገኛችሁ ጥሩ ምልክት ነው። ብዙ ኦክስጅን ይፈልጋል። ከታች ግን ደም የመሰለ ቀይ እጭ ይበዛል። አንዷ ተማሪዬ በማንኪያ ይዛው፣ «መምህር፣ ይሄ ለምን ቀላ?» አለችኝ። ዝም አልኩ። ጓደኛዋ ሳፋውን እያየ፣ «ሄሞግሎቢን ይሆን እንዴ?» አለ። ልክ ነበር፤ የእኛንም ደም የሚያቀላው፣ ኦክስጅን የሚሸከመው ንጥረ ነገር ነው። ቆሻሻውን የሚያፈርሱት ባክቴሪያዎች ኦክስጅኑን ሲጨርሱት፣ ይሄ እጭ ያለችውን ጥቂት ኦክስጅን በሄሞግሎቢኑ ይዞ ይኖራል። ስለ ሰው ደም የተማሩትና የወንዙ ብክለት እዚያች ማንኪያ ላይ ተገናኙ። እባካችሁ፣ መልሱን ቶሎ አትስጧቸው።

ለአፈር ደግሞ ከላይም ከታችም የተከፈተ ጣሳ ይበቃል። ጥቂት ሴንቲ ሜትር መሬት ውስጥ አስገቡት፣ ግማሽ ሊትር ውሃ አፍሱበት፣ እስኪሰርግ ሰዓት ያዙ። መጀመሪያ ኳስ ሜዳ ላይ፣ ከዚያ ጥድና ወይራ ባለበት በደብረ ብርሃን ሥላሴ ቅጥር ግቢ ዓይነት ቦታ። የቤተ ክርስቲያኑን አስተዳዳሪ ቀድማችሁ አስፈቅዱ፣ በዓል ቀን አትሂዱ፣ ልጆቹም ሥርዓቱን ጠብቀው ይግቡ። የተረገጠው መሬት ላይ ውሃው ቆሞ ሲቀር፣ ቅጠል የለበሰው አፈር ሲጠጣው ያያሉ። ያኔ ስለ አንገረብ ግድብ አንሱ። ለከተማው የመጠጥ ውሃ የሚሰጠው ግድብ በደለል የሚሞላው፣ ውሃው ሳይሰርግ ከላይ ካለው ተዳፋት አፈር ጠርጎ ስለሚወርድ ነው። በሃይላንድ የቀዳችሁትን የወንዝ ውሃ አንድ ቀን አስቀምጡትና ከሥሩ የዘቀጠውን በማስመሪያ ለኩ። ደለል ማለት ምን እንደሆነ ሌላ ማብራሪያ አይጠይቅም።

ፈተናውን በተመለከተ፣ ትርጉም ጻፉ የሚል ጥያቄ ተዉት። እኔ የአንዱን ቡድን ቁጥር ለሌላው ቡድን እሰጥና «ይሄ ከመታጠቢያው በላይ ነው ወይስ በታች? ማስረጃችሁ ምንድን ነው?» እላለሁ። የመስክ ደብተሩም ነጥብ አለው፣ ጭቃ ቢነካውም፣ ያሰቡትን ሳይሆን ያገኙትን እስከጻፉ ድረስ።

ደብተሮቹን ዓመቱ ሲያልቅ ፎቶ ኮፒ ሳታደርጉ አትመልሱላቸው። ቀኑን፣ ቦታውንና የቆሙበትን ድንጋይ ሳይቀር ይጻፉበት፤ የሚቀጥለው ዓመት ተማሪዎች እሱን ይዘው በጥቅምት እዚያው ይወርዳሉ።