ኮምፕሬሰራችሁ አልነሳ ሲል ሞተሩን ከማስጠቅለላችሁ በፊት

ባሕር ዳር ውስጥ ጎሚስታው፣ ቀለም ቀቢው፣ አናጺው፣ የባጃጅ ጋራዡ፣ ሁሉም ያችን አየር አምቃ ታንክ ውስጥ የምታጠራቅም ባለ ሁለት ጎማ ተጎታች ኮምፕሬሰር ይዟል። ስትቆም መጀመሪያ የሚጠረጠረው ሞተሩ ነው። እኔም እንደዚያ ጠርጥሬ ሞተር አስጠቅልያለሁ፣ ማለትም የውስጡን ሽቦ በአዲስ አስጠምጥሜያለሁ። ገንዘቡን ከፍዬ፣ አንድ ሳምንት ሥራ ፈትቼ፣ መልሼ ስገጥመው ያው ችግር። ጥፋቱ የነበረው የአውራ ጣት ጥፍር በምታህል ጎማ ላይ ነው። ስለዚህ ሞተሩን ለመጨረሻ እናቆየውና መብራቱን፣ አየሩንና ውሃውን እንይ።

«እምምም» ይላል እንጂ አይነሳም

ቶሎ አጥፉት። በዚህ ሁኔታ ለደቂቃዎች ከቆየ እውነትም ይቃጠላል። ከዚያ የታንኩን አየር ሙሉ በሙሉ አውጡና እንደገና ሞክሩ። ባዶውን ከተነሳ ሞተሩ ጤነኛ ነው ማለት ነው። ያስቸገረው አናቱ ላይ ታምቆ የቀረ አየር ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኮምፕሬሰሩ ሞልቶ በራሱ ሲቆም አውቶማቲክ ማጥፊያው በፒስተኑ አናት ላይ የቀረውን አየር ይለቃል። ያቺ አጭር «ፍስስ» የምትል ድምፅ እሷ ናት። መብራት ድንገት ሲጠፋ ግን አውቶማቲኩ እንደበራ ይቀራል፣ አየሩም አይለቀቅም። መብራት ተመልሶ ሲመጣ ሞተሩ ያን ሁሉ አየር እየገፋ መነሳት አለበት። አይችልም። በተለይ የመጣው መብራት ደካማ ከሆነ ጭራሽ አይሞክረውም። መፍትሄው ገንዘብ አያስወጣም፦ መብራት ሲጠፋ ሄዳችሁ የአውቶማቲኩን ማጥፊያ አጥፉ፣ ፍስስታውን ስሙ፣ መብራቱ መጥቶ ሲረጋ አብሩ። ስፒናውን ነቅሎ ማጥፋትም ያው መብራት እንደመጥፋት ነው፤ ይሄን ልማድ ተዉት።

ከቆመ በኋላ ፍስስታው ካልተሰማ፣ ወደ አውቶማቲኩ የምትሄደው ቀጭን ቱቦ ወይም የመልቀቂያዋ ቫልቭ ተደፍናለች። ፍስስታው ካላቆመና ታንኩ እየጎደለ ከሄደ ደግሞ ቼክ ቫልቩ ነው። ይሄ ቫልቭ ወፍራሙ ቱቦ ታንኩ ላይ የሚገባበት የነሐስ ዕቃ ውስጥ አለ። ሥራው የገባ አየር እንዳይመለስ ማገድ ነው። ስፒናውን ነቅላችሁ፣ ታንኩን ባዶ አድርጋችሁ፣ ጌጁ (የግፊት መለኪያው) ዜሮ መሆኑን አይታችሁ ፍቱት። ውስጡ አንዲት ክብ ጎማ ታገኛላችሁ። የእኔ ላይ የዝገት ቅንጣት ተሰክቶበት ነበር። በጥፍሬ ስዳብሰው የሠራው ቦይ ይሰማኝ ነበር። ቆሻሻ ብቻ ከሆነ መጥረግ ይበቃል። ከተቦረቦረ ግን በአዲስ ቀይሩት።

ባዶውንም ካልተነሳ ወደ መብራቱ እንሂድ። ባለ 2 ፈረስ ጉልበት ሞተር 1.5 ኪሎ ዋት ነው። በ220 ቮልት 9 አምፔር ገደማ ይስባል፤ ሲነሳ ደግሞ የዚህን ብዙ እጥፍ። ለቴሌቪዥን የተገዛ ቀጭን ኤክስቴንሽን ይሄን አይችልም። የሚረዝመው የመብራቱ ገመድ ሳይሆን የአየሩ ቱቦ ይሁን። ገመዱ የግድ ከሆነ ባለ 2.5 ካሬ ሚሊሜትር ይሁን፣ ጥቅልሉም ሙሉ በሙሉ ይዘርጋ። ጣና ዳር በጄኔሬተር የምትሠሩም ለዚህ ሞተር ከ4 እስከ 5 ኪሎ ዋት የሚሰጥ ያስፈልጋችኋል። ቀጥሎ ሞተሩ እንዲነሳ የሚያግዘውን ካፓሲተር እዩ። ካበጠ ወይም ካፈሰሰ በተመሳሳይ ቁጥር ይቀየራል። ስፒናው ተነቅሎም ኤሌክትሪክ ይዞ ስለሚቆይ ጫፎቹን በእጅ አትንኩ። ይሄ ሁሉ ታይቶ ካልሆነ፣ አሁን ሞተሩን ወደሚጠቀልል ባለሙያ ውሰዱት።

ለመሙላት ይዘገያል

እዚህ ላይ ግማሹ ጥፋት የማሽኑ አይደለም። ባሕር ዳር ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ አየሩ ጅቡቲ ወደብ ላይ ካለው በአንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል። በደቂቃ 100 ሊትር የሚገፋ ኮምፕሬሰር ባለ 50 ሊትር ታንክ እስከ 8 ባር (ባር የአየር ግፊት መለኪያ ነው) ለመሙላት ጅቡቲ ላይ 4 ደቂቃ ቢፈጅበት፣ እዚህ 5 ደቂቃ ይፈጅበታል። የሳሳውን አየር ይበልጥ ስለሚያምቅ አናቱም ይበልጥ ይግላል። 10 ደቂቃ ከሠራ 10 ደቂቃ አሳርፉት።

ከዚህ በላይ ከዘገየ መጀመሪያ ፊልትሮውን አውጥታችሁ ያለ እሱ ለአንድ ደቂቃ ሞክሩ። የአናጺ ቤት ፊልትሮ በሰጋቱራ ይታፈናል። ቀጥሎ ሞልታችሁ አጥፉት፣ መውጫውን ዝጉ፣ ጌጁን አንብባችሁ ግማሽ ሰዓት ጠብቁ። ከወረደ በሳሙና አረፋ መጋጠሚያዎቹን እየቀባችሁ ፈልጉ። በባጃጅ ተጭኖ ኮብልስቶን ላይ ሲንገጫገጭ የዋለ ኮምፕሬሰር ዳዶው መላላቱ አይቀርም። ፍሳሽ ከሌለ ያረጀው የአናቱ ቫልቭ፣ ጋስኬቱ ወይም የፒስተኑ ፋሻ ነው። እሱ የባለሙያ ሥራ ነው።

ውሃ ይተፋል

ክረምት ላይ በብዛት የሚመጣው ይሄ ነው። 20 ዲግሪ ላይ ያለ አንድ ሜትር ኩብ አየር ቢበዛ 17 ግራም ያህል ውሃ ይይዛል። አየሩ ሲታመቅና ሲቀዘቅዝ አብዛኛውን ውሃ ታንኩ ውስጥ ጥሎት ይሄዳል። በሐምሌ እርጥበት 10 ሜትር ኩብ አየር ከሠራችሁ ከ100 ግራም በላይ ውሃ ነው፤ ሞልቶ ከሚፈስ የቡና ስኒ ይበልጣል። በየቀኑ።

አንዴ ሐይቁ ዳር የአንድ ጀልባ ጎን ስቀባ ጠዋት ያማረ ቀለም ከሰዓት በኋላ መቋጠር ጀመረ። እንደ ፈንጣጣ ጠባሳ ትንንሽ ጉድጓዶች ወጡበት። ቀለሙን ወቀስኩ፣ ማቅጠኛውን ወቀስኩ። ታንኩን ከሥር ስከፍተው ቡና የመሰለ የዛገ ውሃ እየተንፎለፎለ ወጣ። ጀልባውን በብርጭቆ ወረቀት አሽቼ እንደገና ቀባሁት።

መፍትሄው ማታ ማታ ከታንኩ ሥር ያለችውን ማውረጃ ትንሽ አየር እያለ ከፍቶ፣ ውሃው ተሟጦ ደረቅ አየር እስኪወጣ መጠበቅ ነው። ለቀለም ሥራ ደግሞ ውሃ መለያ ፊልትሮ ግጠሙ። ኮምፕሬሰሩ አፍ ላይ ሳይሆን ቱቦው 5 ወይም 6 ሜትር ከሄደ በኋላ ይሁን፤ ትኩስ አየር ውሃውን እንደ እንፋሎት ይዞት ያልፋል።

ውሃው የሚቆይበት ታንክ ከሥሩ ይበላል፣ ከውጭ አይታይም። ከሥሩ ላብ መሳይ እርጥበት ወይም የመርፌ ቀዳዳ ካያችሁ ሥራ አቁሙ። እባካችሁ በብየዳ አታስደፍኑት። የሳሳ ብረት ላይ 8 ባር መጫን እንደ ፈንጂ ነው፤ አጠገቡ ደግሞ ብዙ ጊዜ አንድ ለሥራ የመጣ ልጅ ይቆማል። ታንኩ ይቀየር።

ዘይት ይተፋል

በጎኑ አስተኝታችሁ ከጫናችሁት ዘይቱ ወደ ፒስተኑ ይገባል። ቀጥ አድርጎ መጫን፣ ወርዶም ትንሽ አቁሞ ማስነሳት ነው። ዘይቱ በዘይት ማያ መስታወቷ ላይ ካለው ቀይ ነጥብ በላይ አይሁን። ወተት ከመሰለ ውሃ ገብቶበታል፣ ይቀየር። የኮምፕሬሰር ዘይት ግዙ እንጂ የመኪና ዘይት አትሙሉበት።

ሞልቶ አይቆምም

አውቶማቲኩ ተጣብቋል። ወዲያው አጥፉና ቀይሩት። ግፊት ሲበዛ አየር የሚለቀው ሴፍቲ ቫልቭ ቢተነፍስ ሥራውን እየሠራ ነው፤ በቡሎን የሚደፍኑትን አይቻለሁ፣ በፍጹም አታድርጉት።

ምንም አልተበላሸም፣ ግን መሣሪያው ይደክማል

እዚህ ጥፋቱ የተሠራው ሲገዛ ነው። ሰው የሚያየው የታንኩን ትልቅነት ነው። ታንክ ግን ማጠራቀሚያ ብቻ ነው፤ መሣሪያውን የሚመግበው በደቂቃ የሚወጣው ሊትር ነው። ሰሌዳው ላይ የተጻፈው ብዙ ጊዜ የሚያስገባው አየር ነው፤ ከትንንሾቹ የሚወጣው ከዚያ 60 ወይም 70 ከመቶ ገደማ ነው። ለጎማ መንፊያና ለምስማር መምቻ ትንሹ ይበቃል። የጎማ ቡሎን መፍቻ እያረፈ ስለሚሠራ ባለ 50 ሊትሩ ይችለዋል። ማለስለሻና የቀለም መርጫ ግን ሳያቋርጡ በደቂቃ ከ200 እስከ 300 ሊትር፣ አንዳንዶቹም ከዚያ በላይ ይፈልጋሉ። ለእነሱ ባለ 2 ፈረስ ጉልበቱ አይበቃም።

ስትገዙ ሱቁ በር ላይ አስነሱት። ከባዶ እስከ 8 ባር የሚፈጀውን ጊዜ በስልካችሁ ያዙ። ሲቆም ጠጋ በሉና ፍስስታውን ስሙ፤ አጭር ይሁን፣ ከዚያም ጸጥ ይበል።