ሰርቨሩን ከኔትወርክ ይነጥል የነበረውን ፓስስሩ እንዴት እንደፈታሁት

በቤቴ ባለው የፕሮክስሞክስ (በአንድ ኮምፒውተር ላይ ብዙ ቨርቹዋል ማሽኖችን፣ ማለትም በሶፍትዌር የተፈጠሩ ኮምፒውተሮችን፣ የሚያስኬድ ሥርዓት) ሰርቨር ላይ ፒኤፍሴንስ የተባለውን ፋየርዎል (የኔትወርክ ትራፊክን የሚቆጣጠር ሶፍትዌር) በቨርቹዋል ማሽን ጭኜ፣ ፍጥነቱ እንዳይቀንስ በማሰብ ከባለሁለት ወደቡ የኔትወርክ ካርድ አንዱን ወደብ በፓስስሩ (መሣሪያን ከሰርቨሩ ነጥሎ ለአንድ ቨርቹዋል ማሽን ብቻ በሚሰጥ ዘዴ) በቀጥታ ሰጠሁት። ቨርቹዋል ማሽኑን ባስነሳሁ ቁጥር ግን ሰርቨሩ ራሱ ከኔትወርክ ይጠፋ ነበር፤ ስክሪንና ኪቦርድ ሰክቼ ካልሆነ በቀር ልገባበት አልቻልሁም።

ምክንያቱን ያገኘሁት የአይኦኤምኤምዩ ምድቦችን (ሃርድዌሩ መሣሪያዎችን እርስ በርስ ለመለየት የሚከፋፍልባቸውን ቡድኖች) ዝርዝር ስመለከት ነው። ሁለቱ ወደቦች በአንድ ምድብ ውስጥ ነበሩ፤ አንድ ምድብ ተከፍሎ ለሁለት ባለቤት ስለማይሰጥ፣ ሰርቨሩ የሚገለገልበት ወደብም አብሮ ይነጠቅ ነበር። ምድቡን በግድ የሚከፋፍል የከርነል (የሥርዓተ ክወናው እምብርት) ማስተካከያ ቢኖርም፣ በመሣሪያዎች መካከል ያለውን ከለላ ስለሚያላላ ለፋየርዎል የሚገባ ሆኖ አላገኘሁትም።

ስለዚህ ፓስስሩውን አንስቼ ወደቦቹን ከሁለት የተለያዩ ቨርቹዋል ብሪጆች (በሶፍትዌር የተሠሩ ስዊቾች) ጋር አገናኘሁና ለፒኤፍሴንስ የቪርትአይኦ ካርዶች (ለቨርቹዋል ማሽን የተዘጋጁ ምናባዊ የኔትወርክ ካርዶች) ሰጠሁት። ከዚህ በኋላ ፒንግ (የግንኙነት መሞከሪያ መልእክት) ቢያልፍም ድረ ገጽ አልከፈት አለ። በቨርቹዋል ብሪጅ የሚያልፉ ፓኬቶች ቼክሰማቸው (የፓኬቱን ትክክለኛነት ማረጋገጫ ቁጥር) ሳይሟላ ሊደርሱ ስለሚችሉ ይጣሉ ነበር፤ በፒኤፍሴንስ የላቁ ቅንብሮች ውስጥ የሃርድዌር ቼክሰም ኦፍሎድን (የቼክሰም ሥራን ለኔትወርክ ካርዱ የሚተወውን ቅንብር) አጥፍቼ ማሽኑን እንደገና ሳስነሳ ገጾቹ ወዲያውኑ ተከፈቱ።

ከሁሉ በላይ ያስደሰተኝ በዚሁ ሰርቨር ላይ የሚሠሩት የኤልኤክስሲ ኮንቴይነሮች (የሰርቨሩን ከርነል የሚጋሩ ቀላል ቨርቹዋል ሥርዓቶች) ጉዳይ ነው። ፓስስሩው ቢሠራ ኖሮ ወደ ፋየርዎሉ ለመድረስ በኬብል ወጥተው በስዊቹ በኩል መመለስ ይኖርባቸው ነበር፤ አሁን ግን በአንድ ብሪጅ ላይ ስለሆኑ ትራፊካቸው ከሰርቨሩ ሜሞሪ አይወጣም።