ለድመት ፍራፍሬ እንዴት እንደሚሰጥ

በድሬዳዋ ሙቀት ሐብሐብ ሲቆረጥ ድመቷም ተነስታ ትመጣለች። ብትቀምስ አትጎዳም፤ የሚጎዳት ፍሬው፣ ልጣጩና የመጠኑ መብዛት ነው።

ከመጀመርዎ በፊት አንድ ነገር ይወቁ። ድመት ሥጋ በል ናት፣ የጣፋጭ ጣዕምም አይሰማትም። ወደ ሐብሐቡ የሚስባት ሽታውና እርጥበቱ ነው። ቫይታሚን ሲን ሰውነቷ ራሱ ስለሚሠራ «ለቫይታሚን ይጠቅማታል» የሚለው አያስኬድም። ታውሪን የሚባለውን ንጥረ ነገር ግን ከሥጋና ከዓሣ ካላገኘች ዐይኗና ልቧ ይጎዳሉ። እንጀራና ዳቦ ብቻ የምትበላ ድመት ካለችዎት የፍራፍሬውን ነገር ይተዉትና መጀመሪያ ሥጋዋን ያስተካክሉ።

1. ፍራፍሬውን መምረጥ

ከቀፊራም ሆነ ከሐረር ገበያ ከሚገዙት ውስጥ ሐብሐብ፣ ፓፓያ፣ ማንጎ፣ ሙዝና ፖም ይቀመሳሉ። ለሙቀት ጊዜ ከሁሉም የሚሻለው ሐብሐብ ነው፤ ከ90 በመቶ በላይ ውሃ ሲሆን 100 ግራሙ ከ30 ካሎሪ ብዙም አያልፍም። ሙዝ የዚያን ሦስት እጥፍ ገደማ ካሎሪ ስላለው ለወፈረች ድመት አይሆንም። ቴምር ስኳሩ እጅግ ብዙ ነው፣ ይቅር።

ፈጽሞ የማይሰጡ አሉ። ወይንና ዘቢብ የውሻን ኩላሊት እንደሚያበላሹ በሚገባ የታወቀ ነው፤ የእንስሳት ሐኪሞች ለድመትም ይከለክሏቸዋል። «ይህን ያህል ቢሆን አይጎዳም» የሚባል መጠንም የለም። በዒድና በረመዳን ሩዝ ውስጥ የሚገባው ዘቢብ ስለሚረሳ ትርፍራፊውን ለድመቷ ከመጣልዎ በፊት ይመልከቱ። ብርቱካን፣ መንደሪንና ሎሚ ልጣጫቸው ውስጥ ያለው ዘይት ለድመት መርዝ ነው፤ ስለዚህ ከጫቱ ገረባ ጋር ወለል ላይ የወደቀውን ልጣጭም ቶሎ ይጥረጉ። አቮካዶ አይሰጥም። በዚህ ምክንያት የጭማቂ ትራፊ፣ በተለይ እስፕሪስ፣ ለድመት አይቀመጥም፤ አቮካዶው፣ ስኳሩና ሎሚው አንድ ላይ ነው ያሉት። የጊሽጣ ፍሬም መርዛማ ነው። ሥጋውን ከያንዳንዱ ፍሬ ለይቶ መስጠት ይቻል ይሆናል፣ ግን አንዷ ብታመልጥ ጣጣ ስለሆነ ባይሞከር ይመረጣል።

2. ማዘጋጀት

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። መጀመሪያ ሙሉውን ፍራፍሬ በንጹህ ውሃ ይጠቡ፤ ካልታጠበ ቢላዋው ቅርፊቱ ላይ ያለውን አፈርና ፀረ-ተባይ ወደ ውስጥ ያስገባዋል። መንገድ ላይ ተቆርጦ ዝንብ ሲያርፍበት የዋለ ሐብሐብ ለሰውም ለድመትም አይገዛም።

የሐብሐብ ጥቁሩም ነጩም ፍሬ ይወጣል፤ አረንጓዴው ቅርፊትና ከሥሩ ያለው ጠንካራው ነጭ ክፍል ይቀራል። የፓፓያ ፍሬ በማንኪያ ተፍቆ ይወጣል። የፖም ፍሬ ሲታኘክ ሳያናይድ ስለሚለቅ ከነመሐሉ ይወገዳል።

ማንጎ የተለየ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ልጣጩ የአፍን ቆዳ ሊያስቆጣ ስለሚችል ይላጣል። ትልቁ አደጋ ግን ፍሬው ነው። ሰው መጥጦ ሲጥለው ዙሪያው ክር ይቀርበታል፤ ድመቷ ያንን መላስ ትጀምራለች። የድመት ምላስ ላይ ያሉት ሻካራ እሾሆች ወደ ጉሮሮ የዞሩ ስለሆኑ ክሩ ከያዘላት መትፋት ይቸግራታል፣ ትውጠዋለች። ረጅም ክር ደግሞ አንጀት ውስጥ ተይዞ ሊሰበስበው ይችላል፤ መፍትሔውም ብዙ ጊዜ ቀዶ ሕክምና ነው። ስለዚህ ሥጋውን ከጎንና ከጎን ቆርጠው ያውጡ፣ ክር የበዛበትን ክፍል ይተዉ፣ ፍሬውንም ክዳን ባለው ቆሻሻ መጣያ ውስጥ ይክተቱ።

በመጨረሻ ሁሉንም አንድ ሳንቲ ሜትር በአንድ ሳንቲ ሜትር አድርገው ይክተፉ። ከማቀዝቀዣ ከወጣ ቅዝቃዜው እስኪለቅ ይጠብቁ። ስኳር፣ ማር፣ ጨው፣ ሚጥሚጣ አይጨመርም።

3. መስጠት

ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ዓይነት፣ አንድ ቁራጭ ብቻ ነው። 24 ሰዓት ይጠብቁ፤ ካላስመለሳት፣ ካላስቀመጣት፣ ካላሳከካት ይቀጥላሉ። ሁለት ዓይነት አንድ ላይ ከሰጡ የትኛው እንዳልተስማማት አይለዩትም።

4 ኪሎ የምትመዝን ድመት በቀን ከ200 እስከ 250 ካሎሪ ይበቃታል። ከዋና ምግቧ ውጪ የምትቀምሰው ሁሉ ተደምሮ ከ10 በመቶ ማለፍ የለበትም፤ ፍራፍሬው ከዚያም ያነሰ ይሁን። በሳምንት ሁለት ጊዜ፣ በአንድ ጊዜ ሁለት ወይም ሦስት ቁራጭ ይበቃል። የስኳር ወይም የኩላሊት በሽታ ያለባት ድመት ያለ ሐኪም ፈቃድ አትቀምስም። ሸሽታ ከሄደች አያስገድዷት። የተረፈውን ሳህን በግማሽ ሰዓት ውስጥ ያንሱ፣ በድሬ ሙቀት ቶሎ ይበላሻል። የውሃ ሳህኗ ግን ሁልጊዜ ሙሉ ይሁን፤ ሐብሐብ ውሃን አይተካም።

4. ችግር ከመጣ

መደጋገም የጀመረ ትውከት፣ የለሃጭ መዝረክረክ፣ መፍዘዝ፣ ሽንት ወይም ሰገራ ማቆም ከታየባት ሳይቆዩ ወደ እንስሳት ሐኪም ይውሰዷት። 24 ሰዓት ሙሉ ምንም ያልበላች ድመትም እንዲሁ ናት፤ ድመት ሳትበላ ስትቆይ ጉበቷ በስብ ይሞላል። ወይን፣ ዘቢብ ወይም የጊሽጣ ፍሬ እንደበላች ካወቁ ደግሞ ምልክት እስኪታይ አይቆዩ።

«መርዝ ያረክሳል» ተብሎ ወተት ማጠጣት የተለመደ ነው፤ አያረክስም፣ ለብዙ ትልልቅ ድመቶች ተቅማጥ ይጨምርባቸዋል። በጨው ውሃ ማስመለስም ራሱን የቻለ መመረዝ ነው። የበላችውን ትራፊ በፌስታል ይያዙ፣ ምን ያህልና በስንት ሰዓት እንደበላች ይጻፉ፣ ወደ እንስሳት ሐኪም እየደወሉ ይውሰዷት።