ከሐዲድ የሚወጣ ፉርጎ፣ ዳገት የሚያቅተው ሎኮሞቲቭ፦ የሞዴል ባቡር ችግርና መፍትሔ በደሴና በኮምቦልቻ

ፉርጎ ከሐዲድ ሲወጣም ሆነ ሎኮሞቲቭ መሀል ላይ ቀጥ ሲል፣ ካቻቪቴ ከመነሣቱ በፊት የሚጠየቅ ጥያቄ አለ፦ ችግሩ የቦታው ነው ወይስ የተሽከርካሪው? ባቡሩን ደጋግማችሁ አስኬዱትና ተመልከቱ። ሁሉም ፉርጎ አንድ ቦታ ላይ ከወጣ ሐዲዱን ፈትሹ። አንዱ ፉርጎ ብቻ በየቦታው ከወጣ ጎማውን ፈትሹ። አንድ ፉርጎ አንድ ቦታ ላይ ብቻ ከወጣ ደግሞ ሁለቱም ትንሽ ትንሽ ጉድለት አለባቸው፤ አድካሚው ይህኛው ነው። ይህን ሳይለይ ሐዲድ መንቀል የጀመረ ሰው ጤነኛውን ሐዲድ ያበላሻል።

ልኬቶቹ ሁሉ ኤች-ኦ (HO) ለሚባለው የሞዴል ባቡር ልክ ናቸው፦ መጠኑ 1:87፣ በሐዲዶቹ መካከል 16.5 ሚ.ሜ። በኮምቦልቻ የሚያልፈው የአዋሽ–ኮምቦልቻ–ሐራ ገበያ መስመር ስፋቱ 1,435 ሚ.ሜ ስለሆነ ለ87 ሲካፈል 16.5 ይመጣል። የድሮውን የአዲስ አበባ–ጅቡቲ ባቡር መሥራት የፈለገ ግን በዚህ ሐዲድ አይጀምር። የዚያ ስፋት 1,000 ሚ.ሜ ስለነበረ የሚያስፈልገው 12 ሚ.ሜ ሐዲድ ነው። ሁለቱን አንድ ጠረጴዛ ላይ ማቀላቀል ይቻላል፤ አንድ ሐዲድ ላይ ግን አይሄዱም።

ፉርጎው ከሐዲድ ይወጣል

አብዛኛውን ጊዜ ምክንያቱ ኩርባ ላይ ያለ መጋጠሚያ ነው። ተጣጣፊ ሐዲድ ሲታጠፍ ጫፉ ቀጥ ማለት ስለሚፈልግ መጋጠሚያው ላይ ማዕዘን ይፈጠራል። በዓይን ላይታይ ይችላል። የጣታችሁን ጥፍር በሐዲዱ ውስጠኛ ጠርዝ አስኪዱት፤ ጥፍሩን የያዘው ነገር ጎማውንም ይይዘዋል። መፍትሔው ሁለቱን ሐዲዶች ገና ቀጥ ብለው ሳሉ በካውያና በሊድ መበየድ፣ ከዚያ አንድ ላይ ማጠፍ ነው። ቀድሞ ከተዘረጋ ደግሞ ከመጋጠሚያው ወዲህና ወዲያ 15 ሳ.ሜ ያህሉን ፈትታችሁ አስተካክሉት፤ የቀረችውን ትንሽ ጥርስ በቀጭን ሞረድ አለስልሷት።

ሁለተኛው የኩርባው ጥበት ነው። የኩርባው ራዲየስ ከረጅሙ ተሽከርካሪ ሦስት እጥፍ ቢሆን ባቡሩ ያለ ችግር ይዞራል፣ ሲያዩትም ያምራል። እውነተኛው 26 ሜትር የሆነ የመንገደኛ ፉርጎ በሞዴል 30 ሳ.ሜ ያህል ስለሚሆን 90 ሳ.ሜ ራዲየስ ይፈልጋል። በ45 ሳ.ሜ ራዲየስ የሚዞሩት አጫጭር የዕቃ ፉርጎዎች ናቸው። ወደ ግራ ታጥፎ ወዲያው ወደ ቀኝ የሚዞር መስመር ካለ ደግሞ በመካከሉ ቢያንስ የአንድ ረጅም ፉርጎ ያህል ቀጥ ያለ ሐዲድ ይግባ፤ ካልገባ ማያያዣዎቹ ወደ ተቃራኒ ጎን እየተጓተቱ ፉርጎውን ያወጡታል።

ሐዲዱ ደህና ሆኖ አንዱ ፉርጎ ብቻ የሚያስቸግር ከሆነ ክብደቱን በወጥ ቤት ሚዛን ለኩ። ሥራ ላይ የዋለው ደንብ 28 ግራም መነሻ፣ በየሳንቲ ሜትሩ 5.6 ግራም መጨመር ነው። 15 ሳ.ሜ የሆነ ፉርጎ ወደ 112 ግራም መሆን አለበት ማለት ነው። ባዶ ፕላስቲኩ ብዙ ጊዜ ከዚህ ስለሚቀልል፣ ረጅም ባቡር ኩርባ ላይ ሲጎተት ወደ ውስጥ ይገለበጣል። ብሎንና ነት ወለሉ ላይ በሙጫ ለጥፉ፤ ክብደቱ ዝቅ ይበል እንጂ ጣሪያው አካባቢ አይሁን። ከዚያ በሁለቱ ጎማዎች ውስጠኛ ገጽ መካከል ያለውን ርቀት በካሊፐር ለኩ፣ 14.4 ሚ.ሜ አካባቢ መሆን አለበት። ከዚያ ከጠበበ ጎማው መስመር መቀየሪያው ላይ ይሰነቀራል።

መቀየሪያው ላይ ብቻ የሚወጣ ከሆነ የሚንቀሳቀሰው ምላስ ከዋናው ሐዲድ ጋር ሙሉ በሙሉ መግጠሙን እዩ። አንዲት የአሸዋ ፍሬ ትበቃለች።

ሎኮሞቲቩ ይንቀጠቀጣል፣ ይቆማል፣ መብራቱ ብልጭ ድርግም ይላል

የአቧራ ነገር ለኮምቦልቻ ነዋሪ አይነገርም። መጀመሪያ ግን አቧራ ነው ብሎ ከመደምደም ተቆጣጣሪውን (ለሐዲዱ ኃይልና ትእዛዝ የሚሰጠውን መሣሪያ) አብሩና በመልቲሜትር በሁለቱ ሐዲዶች መካከል ያለውን ቮልት ከመነሻው አጠገብና ከሩቁ ጫፍ ለኩ። የዲጂታል ተቆጣጣሪ ለኤች-ኦ የሚሰጠው አብዛኛውን ጊዜ 14 ወይም 15 ቮልት ያህል ነው፤ ተራ መልቲሜትር የዲጂታሉን ትክክለኛ ቁጥር ላያሳይ ይችላል፣ የሚፈለገው ግን ልዩነቱ ነው። ሎኮሞቲቭ እየሠራ ሩቁ ጫፍ ከ1 ቮልት በላይ ከወረደ ችግሩ የሽቦ ነው። የሐዲድ ማገናኛ ብረት ማሰሪያ እንጂ የኤሌክትሪክ መንገድ አይደለም፤ ሲዝግና ሲላላ ኃይል ይበላል። ከጠረጴዛው ሥር ባለ 2.5 ሽቦ ሁለት መስመር ዘርጉና ከእያንዳንዱ ሐዲድ በየሜትሩ ባለ 0.5 ወይም 0.75 ሽቦ አውርዳችሁ ከሱ ጋር በይዱ። ለሁለቱ ሐዲዶች ሁለት የተለያየ ቀለም ያዙ፣ እስከ መጨረሻውም አትቀይሩ።

ሲያበቃ በዲጂታል መስመር ላይ ባለ አንድ ብር ሳንቲም በሁለቱ ሐዲዶች ላይ በየቦታው አስቀምጡ። ተቆጣጣሪው ወዲያው ራሱን ማጥፋት አለበት። ካላጠፋ ሽቦው ስለቀጠነ ሾርቱን አላየውም ማለት ነው፤ ያን ጊዜ የሚሞቀው ሐዲዱና ፉርጎው ነው። ሳንቲሙን ቶሎ አንሡ።

ቮልቱ ደህና ከሆነ ነው ወደ ጽዳት የሚኬደው። ፋርማሲ የሚሸጠው 70 በመቶ አልኮል ይሠራል፤ ውኃ ስላለበት በንጹሕ ጨርቅ ጠርጎ ማድረቅ ያስፈልጋል። ጎማዎቹንም አትርሱ፦ አልኮል የነካ ጨርቅ በሐዲዱ ላይ አንጥፉ፣ ሎኮሞቲቩን ይዛችሁ ግማሹን ጎማ ጨርቁ ላይ፣ ግማሹን ሐዲድ ላይ አድርጉና አሽከርክሩት። ጨርቁ ላይ የሚቀረው ጥቁር መስመር ሲጠፋ ጨርሳችኋል። ብርጭቆ ወረቀትና የብረት ሱፍ አትንኩ። ወረቀቱ ሐዲዱን ይቧጥጥና ቆሻሻ የሚይዝ ጭረት ይተዋል፤ የሱፉን ብናኝ ደግሞ የሞተሩ ማግኔት ይስበዋል።

መብራት ሄዶ ሲመጣ ሎኮሞቲቩ በራሱ ይፈተለካል

ብዙ ሎኮሞቲቭ ከፋብሪካ ሲወጣ በተራ ቀጥተኛ ኤሌክትሪክም እንዲሠራ ተደርጎ ነው። መብራት ተመልሶ ሲመጣ ያለችውን ያልተስተካከለች ጊዜ ትእዛዝ ናት ብሎ በሙሉ ኃይሉ ይነሣል። ይህን መዝጋት ቀላል ነው። ሲቪ 29ን አንብቡ (ሲቪ ማለት የሎኮሞቲቩን ጠባይ የሚወስን፣ በተቆጣጣሪው የሚነበብና የሚቀየር ቁጥር ነው)፤ 6 ከሆነ 2፣ 38 ከሆነ 34 አድርጉት። ማለትም ከቁጥሩ 4 ቀንሱ። ከዚህ ውጭ፣ መብራት ሲሄድ ተቆጣጣሪውን ከዲቫይደሩ ነቅሎ፣ ከተመለሰ በኋላ ጥቂት ቆይቶ መሰካት ዕቃ ያተርፋል። ስታብላይዘር ካለ ደግሞ በሱ ይሁን።

ዳገቱን አይወጣም

ደሴና ኮምቦልቻን አንድ ጠረጴዛ ላይ ማገናኘት ሁሉም ይመኛል። በደሴና በኮምቦልቻ መካከል ያለው የከፍታ ልዩነት 600 ሜትር ያህል ነው፤ ለ87 ሲካፈል 7 ሜትር ገደማ ይሆናል፣ ከቤቱ ጣሪያ ያልፋል። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚያወርደውን የሐረጎን ቁልቁለት በባቡር ለመውረድ ከመመኘት ሐረጎን ከጠረጴዛው ጀርባ ባለው ግድግዳ ላይ በቀለም ሥሎ፣ ባቡሩን ኮምቦልቻ ሜዳ ላይ ማስኬድ ይሻላል። እውነተኛውም ባቡር ወደ ደሴ አይወጣም።

አንዱን መስመር በሌላው ላይ ለማሳለፍ ከሐዲድ እስከ ሐዲድ 8 ሳ.ሜ ያህል ያስፈልጋል። በ2 በመቶ ዳገት ይህ 4 ሜትር ርዝመት ይበላል፤ ሁለቱ ጫፎች ላይ ዳገቱ ቀስ ብሎ እንዲጀምርና እንዲያልቅ ሲደረግ ወደ 5 ሜትር ይጠጋል። ኩርባ ራሱ እንደ ዳገት ነው። 60 ሳ.ሜ ራዲየስ ያለው ኩርባ በግምት 1.3 በመቶ ዳገት ይጨምራል፤ ስለዚህ 2 በመቶ የሚመስለው ከ3 በላይ ይሆናል። ሜዳ ላይ 12 ፉርጎ የሚጎትት ሎኮሞቲቭ እዚያ ላይ ግማሹን ቢጎትት አይግረማችሁ፣ ተበላሽቷል ብላችሁም አትክፈቱት። ዳገቱን በሊቤላ ለኩ፦ ሜትር ርዝመት ላይ 2 ሳ.ሜ ከፍታ 2 በመቶ ነው። ጎበጥ ያለ ቦታ ካለ ችግሩ አማካዩ ላይ ሳይሆን እዚያች 30 ሳ.ሜ ላይ ነው።

ክረምት ላይ ቀጥ ያለው ሐዲድ ጥር ላይ ተጣመመ

ይህ በተለይ የደሴ ችግር ነው። በሐምሌና በነሐሴ እርጥበት የጠጣ እንጨት በበጋ ሲደርቅ ያጥራል፤ ብረቱ አያጥርም። መሄጃ ያጣ ሐዲድ ወደ ጎን ይወጣል። ኮርኒስ የሌለው የቆርቆሮ ጣሪያ ቤት ከሆነ የቀንና የሌሊቱ ሙቀት ልዩነት ይጨመርበታል፦ በ20 ዲግሪ ልዩነት አንድ ሜትር ሐዲድ 0.3 ሚ.ሜ ያህል፣ 6 ሜትር ደግሞ 2 ሚ.ሜ ያህል ይረዝማል።

ትኩስ የባሕር ዛፍ ሞራሌ ገዝቶ በዚያው ሳምንት ፍሬም መምታት ዋናው ስሕተት ነው። እንጨቱ ባቡሩ የሚቀመጥበት ክፍል ውስጥ ለሳምንታት ተደርድሮ ይቆይ። ከላዩ 12 ሚ.ሜ ኮምፔንሳቶ በየ40 ሳ.ሜ ተደግፎ ይግባ፤ ኤምዲኤፍ እርጥበት ሲነካው ያብጣል። ከሥርም ከላይም ከጠርዝም በዘይት ቀለም ይቀባ። ላይኛውን ብቻ መቀባት ሳንቃውን ያጣምመዋል። ሐዲድ በክረምት የሚዘረጋ ከሆነ በየመጋጠሚያው ወደ 1 ሚ.ሜ ክፍተት ተዉ፣ በበጋ ከሆነ ግማሹ ይበቃል። ኩርባ ላይ ከተበየዱት በስተቀር መጋጠሚያዎቹን አትበይዱ፤ ኃይሉን የሚያመጡት ሥር ያሉት ሽቦዎች ናቸው።

ከጠጠር በኋላ ሞተሩ መጮኽ ጀመረ

የቦርከና ወንዝ አሸዋ በሻይ ማጥለያ ተነፍቶ በሐዲዱ ሥርና ዙሪያ ለሚነሰነሰው ጠጠር ያምራል፣ መጠኑም ልክ ነው። ግን አካባቢው የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ስለሆነ ከአሸዋው ውስጥ ማግኔት የሚስበው ጥቁር ብናኝ አይጠፋም። ያ ብናኝ ሞተር ውስጥ ከገባ ነገር ተበላሸ። አሸዋውን ታጥቦ ከደረቀ በኋላ ወረቀት ላይ በስሱ ዘርጉ፣ በላስቲክ የተጠቀለለ ጠንካራ ማግኔት ምንም እስከማይወጣ ድረስ አመላልሱበት። ሲለጠፍ መጀመሪያ ጥቂት የላርጎ ጠብታ ያለበት ውኃ ይረጭ፣ ከዚያ ኮላ ከውኃ ጋር እኩል በእኩል ተበጥብጦ በጠብታ ይፍሰስ። ላርጎው ከሌለ ውኃው እንደ ዶቃ ተንከባሎ ጠጠሩን ይዞት ይሄዳል። የመቀየሪያው ምላስ አካባቢ ኮላ አይድረስ።

ይሄዳል፣ ግን ባቡር አይመስልም

ዘጠና በመቶው ፍጥነት ነው። በሰዓት 80 ኪ.ሜ የሚሄድ ባቡር በኤች-ኦ አንድ ሜትር በ4 ሰከንድ ያህል ያልፋል፤ በጣቢያ ግቢ ውስጥ የሚንቀሳቀስ ደግሞ ከዚያ በብዙ ይዘገያል። በስልክ ሰዓት ለክታችሁ የከፍተኛውን ፍጥነት ሲቪ 5ን ዝቅ፣ የማፍጠኛውን ሲቪ 3ን ከፍ አድርጉ።

ግቢው ከተጨናነቀና ፉርጎ ማዛወሪያ ካጣ ደግሞ ፉርጎው በዝቷል። ግቢው 30 ፉርጎ የሚያስቆም ከሆነ 18 አካባቢ ላይ አቁሙ። ሁለት ባቡሮች የሚተላለፉበት መተላለፊያ ሐዲድ ከረጅሙ ባቡር ይርዘም፦ 16 ሳ.ሜ የሆኑ 8 ፉርጎዎችና 25 ሳ.ሜ ሎኮሞቲቭ ከነማያያዣዎቻቸው ወደ 1.6 ሜትር ስለሚጠጉ መተላለፊያው በሁለቱ መቀየሪያዎች መካከል ቢያንስ 1.8 ሜትር ይሁን። ከኮምቦልቻ እስከ ሐራ ገበያ ያለው 122 ኪ.ሜ በ1:87 ከ1.4 ኪ.ሜ በላይ ስለሆነ ማንም አይሠራውም። አንዱን ጣቢያ በደንብ ሥሩና በሁለቱም ጫፍ፣ በአዋሽና በሐራ ገበያ በኩል፣ ከተራራው ጀርባ ሦስት ሦስት የተሰወረ ሐዲድ አድርጉ። ከአዋሽ በኩል ኮንቴይነር ጭኖ የመጣው ባቡር ደረቅ ወደቡ ላይ ያራግፍና ባዶውን ይመለስ። የተጫነና ባዶ ፉርጎ በአንድ መልክ ከተሠሩ ግን ይህ ሁሉ አይታይም፤ ኮንቴይነሮቹ የሚነሡ ይሁኑ።