የአያትን ሲንጀር ከጌጥነት ወደ ሥራ መመለስ

በአዳማ የቆዩ ሰፈሮችና በወንጂ የፋብሪካው መኖሪያ ቤቶች፣ ሳሎን ጥግ ቆሞ፣ ዳንቴል ለብሶ የአበባ ማስቀመጫ ሆኖ የቀረ የእግር ሲንጀር የስፌት መኪና ዛሬም አይጠፋም። የወንጂ ስኳር ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ1954 ሥራ በጀመረበት ዘመን፣ በወር ደመወዝ የሚተዳደር ቤተሰብ ቤቱ ሞላ የሚለው ሬዲዮ፣ ቡፌና የስፌት መኪና ሲገቡበት ነበር። የልጆች ዩኒፎርም፣ መጋረጃ፣ የትራስ ልብስና የአውዳመት ቀሚስ ከዚያ መኪና ይወጡ ነበር። የሲንጀር ኩባንያ ራሱ እ.ኤ.አ. ከ1856 ጀምሮ አሜሪካ ውስጥ መኪናውን በየወሩ በሚከፈል ገንዘብ ይሸጥ ስለነበር፣ ውድ ዕቃን በጥቂት በጥቂቱ እየከፈሉ ቤት ማስገባትን ካስለመዱት አንዱ ነው። ለባለሙያ ብቻ የተሠራ ዕቃም አልነበረም፤ የቤቱ ሰው በካቻቢቴና በዘይት እንዲጠግነው ታስቦ የተሠራ ነው። እግሩን ቆርጦ የካፌ ጠረጴዛ ማድረግ የተለመደው ይህን ባለማወቅ ነው፤ ያሳዝናልም። ሞተ ከሚባለው ሲንጀር አብዛኛው አልሞተም፣ የደረቀ ዘይት ይዞት ነው።

መጀመሪያ ምን ዓይነት መኪና እንደያዛችሁ ለዩ። መለያ ቁጥሩ ከቀኝ በኩል፣ ከአንገቱ ግርጌ ባለው ጠፍጣፋ ብረት ላይ ተቀርጿል። በሁለት የእንግሊዝኛ ፊደል ጀምሮ የመጀመሪያው «ኢ» ከሆነ (ኢኤች፣ ኢጄ፣ ኢኬ እንደሚሉት) ስኮትላንድ ውስጥ ክላይድባንክ ከተማ በነበረው ፋብሪካ ተሠርቷል፤ ያ ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ1980 ተዘግቷል። አንገቱ ላይ ያለው የናስ ሜዳሊያ ዙሪያው ሰማያዊ ሆኖ 1851–1951 የሚል ካለበት ደግሞ የኩባንያው መቶኛ ዓመት መታሰቢያ ነው። ለጥገናው ግን ዋናው የቦቢኑ፣ ማለትም የሥረኛው ክር የሚጠቀለልበት ዕቃ፣ ቦታ ነው። ክብ ቦቢን በግራ ጫፍ ከሥር ቀጥ ብሎ የሚገባ ከሆነ 15 ቁጥር የሚባለው ሞዴል ነው። ክብ ሆኖ ከላይ ከተንሸራታቹ ክዳን ሥር የሚተኛ ከሆነ 66 ነው። ረጅም ቀጭን ቦቢን በጀልባ መሰል ቤት ውስጥ የሚገባ ከሆነ የ27 ወይም የ127 ዘር ነው። 15 ቁጥር ያለው ሰው ዕድለኛ ነው፤ ገበያ የሞላው የቻይናው ቢራቢሮ መኪና የእሱ ቅጂ በመሆኑ ቦቢኑ፣ የቦቢን ቤቱና መርፌው ይገጥማሉ። ቦቢን ስትገዙ ስፋቱ 20 ሚሊሜትር ያህል፣ ቁመቱ ከ12 ሚሊሜትር ትንሽ ያነሰ፣ ጎንና ጎኑ ዝርግ መሆኑን እዩ። ጎኑ ጎበጥ ያለው የ66 ነው፤ ቢገባም ይንቀጠቀጣል፣ ክርም ይበጥሳል።

የተያዘን መኪና ማላቀቅ

ቺንጋውን (የታችኛውን ትልቅ መዘውር ከላይኛው የእጅ መዘውር ጋር የሚያገናኘውን ቆዳ) አውልቁ፣ ከዚያ የእጅ መዘውሩን ወደ ራሳችሁ ቀስ አድርጋችሁ አዙሩ። አንድ ቦታ ላይ ሲደርስ ድንገት ቀጥ የሚል ከሆነ፣ ከቦቢን ቤቱ ጀርባ ባለው መንጠቆ ሥር ቁራጭ ክር ተቀርቅሯል። የቦቢን ቤቱን አውጥታችሁ ክሩን በመርፌ ጫፍ ወይም በጉጠት ልቀሙ፤ ከነከስ አታስገድዱት፣ ጥቂት ላምባ አጠጥታችሁ ወደፊትና ወደኋላ አወዛውዙት። ሙሉውን ዙር እኩል የሚከብድ ከሆነ ግን ችግሩ ዘይት ነው። ብዙ ቤት መኪናው በምግብ ዘይት ሲቀባ ኖሯል። የኑግም ሆነ የተልባ ዘይት አየር ሲያገኘው ይደርቃል፤ ከዓመታት በኋላ ብረቱ ላይ ቡናማ ሆኖ የሚጣበቅ፣ በጥፍር ሲፍቁት ብቻ የሚነሳ ሽፋን ይተዋል። በላዩ ላይ አዲስ ዘይት መጨመር ምንም አይፈይድም።

የግራውን የፊት ሽፋን በአንድ ብሎኑ ፍቱ፣ መኪናውንም ወደኋላ አጋድሙት። የራሱ ብረት ከ10 ኪሎ በላይ ስለሚመዝን ከጠረጴዛው ስታወጡት ሁለት ሰው ይያዘው፤ የያዙት ሁለቱ የማጠፊያ ዘንጎች ብሎናቸው ሲላላ ይለቃሉ። በየዘይት ቀዳዳውና ብረት ከብረት በሚነካካበት ሁሉ ሁለት ሁለት ጠብታ ላምባ አድርጉ፣ መዘውሩን አወዛውዙ፣ አሳድሩት። ይህ ውጭ በረንዳ ላይ የሚሠራ ነው፤ ከሰል ከተቀጣጠለበት የቡና ምድጃ አጠገብ በፍጹም አይሞከርም። በማግስቱ የሚወጣውን ቡናማ እጣቢ በጨርቅ ጥረጉና ንጹሕ እስኪሆን ድገሙ። ግትር ያለ ቦታ ካለ፣ ላምባው ተጠርጎ ከደረቀ በኋላ ውስጡን በፀጉር ማድረቂያ አሙቁት። በመዶሻ መምታት የተከለከለ ነው፤ የቆየ ብረት ቀልጦ የፈሰሰ እንጂ የተቀጠቀጠ ስላልሆነ ይሰነጠቃል።

ላምባ ያጥባል እንጂ አያለሰልስም። ሲለቅ ወዲያው ግልጽና ቀጭን የስፌት መኪና ዘይት በየቀዳዳው አንድ ወይም ሁለት ጠብታ ተኩ። የመኪና ሞተር ዘይት ወፍራም ስለሆነ አይሆንም።

ወርቃማውን ጽሑፍና ጌጥ ተጠንቀቁለት። በላዩ ያለው የሚያንጸባርቅ ሽፋን ሼላክ የሚባል ቫርኒሽ ነው፤ አልኮል ያሟሟዋል፣ ውሃና አሞኒያ ያለበት ማጽጃ ደግሞ ወርቁን ወደ ብርማ ይለውጠዋል። ንጹሕ የስፌት መኪና ዘይት በጥጥ እየነከራችሁ፣ ሳትጫኑ ቀስ ብላችሁ አሹት። ጥጡ ጥቁር ወይም ቡናማ ከሆነ ቆሻሻ ነው፤ ቢጫ ወርቅ ከታየበት ግን እጃችሁን አንሱ። በላስቲክ ብሩሽም ሆነ በብርጭቆ ወረቀት አይነካም። የብርጭቆ ወረቀት ቦታው ከታች ያለው የእግሩ ዝገት ነው፣ እሱም ከተፋቀ በኋላ ጥቁር ቀለም ይቀባል።

ፔዳልና ቺንጋ

ፔዳሉ የቆመባቸው ሁለት ጫፎች፣ ከመዘውሩ ጋር የሚያገናኘው ዘንግና የትልቁ መዘውር እምብርት ዘይት ይፈልጋሉ። ቺንጋው ወልቆ አንዴ ገፋ ሲደረግ መዘውሩ ድምፅ ሳያሰማ ብዙ ዙር መሄድ አለበት። ቋ ቋ ካለ ዘንጉ የተያያዘበት ቦታ ላልቷል፤ መቆለፊያ ዳዶውን ፈታ አድርጋችሁ ብሎኑን ጥቂት አጥብቁ፣ መልሳችሁ ቆልፉ።

ቺንጋው 5 ሚሊሜትር ያህል ውፍረት ያለው ድቡልቡል ቆዳ ነው፤ ተገዝቶ የሚመጣው ብዙውን ጊዜ 183 ሴንቲሜትር ገደማ ሲሆን በልክ ይቆረጣል። ዙሪያውን ለክታችሁ በመጀመሪያ ትንሽ አስረዝማችሁ ቁረጡ፤ ማሳጠር ይቻላል፣ ማስረዘም አይቻልም። ከየጫፉ 5 ሚሊሜትር ገባ ብላችሁ በወስፌ ብሱ፣ የብረት መቆለፊያውን አስገብታችሁ በፒንሳ እጠፉ፤ የታጠፈው ጫፍ ወደ ውጭ ይሁን፣ ወደ ውስጥ ከሆነ በየዙሩ ይንጫጫል። መሐሉን በሁለት ጣት ስትጫኑት አንድ ሴንቲሜትር ያህል መግባት አለበት። በጣም የጠበቀ ቺንጋ ፔዳሉን ያከብዳል፣ የመዘውሩንም ማረፊያ ይበላል። አዲስ ቆዳ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ይለጠጣል፤ ላላ ብሎ ሲንሸራተት አንድ ሴንቲሜትር ቆርጣችሁ መልሱት።

መዘውሩ እየዞረ መርፌው የማይንቀሳቀስ ከሆነ መሐሉ ላይ ያለውን ክብ ማጥበቂያ እዩ። ቦቢን ሲጠቀለል ላልቶ ቀርቶ ሊሆን ይችላል። ከፈታችሁት ደግሞ ከሥሩ ያለችው ባለጥርስ ቀለበት ተገልብጣ ገብታ ይሆናል፤ አውጥታችሁ በግማሽ ዙር አዙራችሁ መልሱ፣ ይይዛል።

መርፌና ክር

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። ልብስ ሰፊዎች ለኢንዱስትሪ መኪና የሚገዙት መርፌ ራሱ ሙሉ ክብ ነው፤ የቤት ሲንጀር ግን አንድ ጎኑ ጠፍጣፋ የሆነ መርፌ ይፈልጋል። ፓኬቱ ላይ 15×1 ወይም 130/705 የሚል ይኑር። ለተራ ጥጥና ለዩኒፎርም ጨርቅ 14 ቁጥር፣ ለስስ ጨርቅ 11፣ ለጂንስ 16 ወይም 18 ይበቃል። 15 ቁጥር መኪና ላይ ጠፍጣፋው ወደ ቀኝ ይዞራል፤ ክሩ ረጅሙ ቦይ ባለበት በኩል ገብቶ በጠፍጣፋው በኩል ይወጣል። መርፌው እስከ መጨረሻው ካልገባ መንጠቆው ክሩን አያገኘውም፣ ስፌቱም ይዘላል።

ክር ስታስገቡ የመጫኛው እግር ከፍ ያለ ይሁን። እግሩ ሲወርድ ማጥበቂያ ሳህኖቹ ይገጥማሉ፤ ያኔ የገባ ክር በመሐላቸው ሳያልፍ ላያቸው ላይ ይቀራል፣ ከጨርቁ ሥርም የተወሳሰበ የክር ጥቅል ይሆናል። አብዛኛው ሰው ግን ይህን አይቶ ከሥር ስለሆነ ቦቢኑ ነው ብሎ የቦቢን ቤቱን ብሎን ይነካል። ከሥር የሚታይ ጥምዝምዝ ከላይ ያለው ክር መላላቱን ይናገራል፤ ከላይ የሚታይ ደግሞ የላዩ መጥበቁን ወይም የቦቢኑ መላላቱን። የቦቢኑን ለመፈተን ቤቱን በክሩ አንጠልጥሉት፦ በራሱ መውረድ የለበትም፣ እጃችሁን ነቅነቅ ስታደርጉ ግን ጥቂት መውረድ አለበት። ካስፈለገ ብሎኑን የዙር ስምንተኛ ብቻ አዙሩ። መሳቢያ ውስጥ የተገኘው የድሮ ጥጥ ክር ለመታሰቢያ ይቀመጥ፤ በእጅ ሲጎተት የሚበጠስ ከሆነ መኪናውን አትውቀሱ።

ክር ገብቶ ጨርቅ ሳይኖር ፔዳል አይመታም። መጀመሪያ አሮጌ የጥጥ ጨርቅ በሁለት አጥፋችሁ፣ የስፌቱን ርዝመት 2 ሚሊሜትር ተኩል አካባቢ አድርጋችሁ ስፉ። የተረፈ ዘይት መጀመሪያ ቀን ይንጠባጠባልና ነጭ ጨርቅ ለሳምንት ይቆይ። የአዳማ ነፋስ አቧራ ስለሚያመጣ መኪናው ሥራ ሲፈታ ዳንቴሉ ብቻ አይበቃውም፣ ወፍራም ጨርቅ አልብሱት። የመርፌ ሰሌዳውን ሁለት ብሎን በየወሩ ፈታችሁ በጥርሶቹ መሐል የተጠቀጠቀውን ብናኝ በብሩሽ አውጡ፣ ቀኑን ሙሉ ከሰፋችሁበት ደግሞ ማታ አንድ አንድ ጠብታ ዘይት።